«ቆሻሻ ከገባ ቆሻሻ ይወጣል» ስለሚባለው የኮምፒዩተር አነጋገር



በኮምፒዩተር ሠራተኞች ዘንድ «ጋርቤጅ ኢን፣ ጋርቤጅ አውት» የሚባል የተለመደ አነጋገር አለ። ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ቆሻሻ ከገባ ቆሻሻ ይወጣል» እንደ ማለት ነው፤ ይኸውም መሣሪያው የተሰጠውን ያሰላል እንጂ እውነት ይሁን ሐሰት አይመረምርም ለማለት ነው።

አነጋገሩ በ1957 እ.ኤ.አ. ስለ አሜሪካ ጦር የሒሳብ ባለሙያዎች በወጣ የጋዜጣ ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ሐሳቡ ግን ይቀድማል። የስሌት መሣሪያ የነደፈው እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ በ1864 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተሳሳተ ቁጥር ቢገባ ትክክለኛ መልስ ይወጣ እንደ ሆነ የፓርላማ አባላት እንደ ጠየቁትና በጥያቄው እጅግ እንደ ተገረመ ጽፏል። እኛ ግን አንስቅባቸውም፤ ዛሬም «ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» ሲባል ክርክሩን የሚያቆም ስንቱ ነው!

በአገራችን በ1976 ዓ.ም. የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ ብዙ ሰው ዕድሜውን በግምት ተናገረ። ስለዚህ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከአጠገባቸው ካሉት ይልቅ እጅግ በዝተው ተገኙ፤ 30 የሚለው ብዙ፣ 31 የሚለው ጥቂት። በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ቆጠራዎችም ይኸው ታይቷል። ድምሩ ትክክል ነው፤ የተደመረው ግን ግምት ነው።

ወደ ደራችን ስንመለስ፣ ለትምህርትም ለሥራም ቅጽ የምንሞላ ብዙዎች ነን። በጥር 1998 ዓ.ም. የተወለደ ወጣት በአውሮፓ አቆጣጠር በሚሠራ ቅጽ ላይ 1998 ብሎ ቢሞላ፣ መሣሪያው ድምፁን ሳያሰማ 8 ዓመት ያህል ያስረጀዋል፤ የዕድሜ ገደብ ያለው ዕድልም ያልፈዋል። በጳጉሜን የተወለደ 13ኛ ወር ብሎ ቢጽፍ ግን እምቢ ይለዋል። እምቢ ማለቱ ደግ ነው፤ የሚያስፈራው ዝም ብሎ የተቀበለው ነው።

ይህ አነጋገር ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ካስተማረው ጋር አይጋጭም ወይ የሚሉ አሉ፤ በዚያ ጥፋቱ የሚመነጨው ከሚገባው ሳይሆን ከልብ ነውና። አይጋጭም። ትምህርቱ ልብ ስላለው ሰው ነው፤ መሣሪያው ልብ የለውም።

ልደቱን በትክክል የማያውቅ ወጣት የክርስትና ምስክር ወረቀቱን ይመልከት። በወጉ የተጠመቀ ከሆነ ወንዱ 40፣ ሴቷ 80 ቀን ወደ ኋላ ቆጥረው ያገኙታል፤ በመካከል ጳጉሜን ካለች እርሷም ትቆጠር። በቅጹም ላይ ከዓመቱ አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ይጻፍ።