ባዶው ሳጥን፦ አይፍሬም ለምን አይታይም? ሊንኩስ ለምን አይከፈትም?

በዚህ እትም የቴክኖሎጂ አምዳችን ድረ ገጽ ለሚሠሩም ለሚጠቀሙም ወንድምና እህቶች የሚጠቅም አንድ ርዕስ ይዘን ቀርበናል።

ከቢቸናና ከሞጣ የመጣን ተማሪዎች በእረፍት ጊዜ ወደ ቤት ስንመለስ፣ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጣለን። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት የመመዝገቢያ ቅጽ፣ የትምህርት ቪዲዮና የሶላት ሰዓት ሰሌዳ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ቢቀመጡ ለሁሉም ይቀላል። ሦስቱም ግን ገጹ ላይ የተጻፉ አይደሉም። ቅጹ ከጎግል፣ ቪዲዮው ከዩቲዩብ፣ ሰሌዳው ደግሞ ከሌላ ድረ ገጽ ይመጣሉ። እንዲህ ያለውን ገጽ አንዱ ተማሪ ሲከፍተው ሁሉም ይታየዋል፤ ሌላዋ በሌላ ስልክ ስትከፍተው ባዶ ሳጥን ያጋጥማታል። ባዶ ሳጥን ያየች ልጅ “ምዝገባው ተዘግቷል” ብላ ትተወዋለች እንጂ ችግሩ የብራውዘር ነው ብላ አትጠረጥርም። ትንሽ የሚመስለው ችግር አንዲትን ልጅ ከትምህርት ሊያስቀራት ይችላል ማለት ነው።

አይፍሬም ምንድን ነው?

አይፍሬም በአንድ ድረ ገጽ ውስጥ ሌላ ድረ ገጽ የሚያሳይ መስኮት ነው። ማይክሮሶፍት በ1996 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 3 ይዞት መጣ፤ በ1997 ደግሞ በኤችቲኤምኤል 4.0 ደረጃ ውስጥ ገባ። መስኮቱ የእኛ ቢሆንም በመስኮቱ የሚታየው ቤት የሌላ ሰው ነው። ስለዚህ በአንድ ሳጥን ላይ ሦስት ወገኖች ሥልጣን አላቸው፤ ገጹን የሠራው፣ ይዘቱ የመጣበት ድረ ገጽ ባለቤትና የአንባቢው ብራውዘር። ከሦስቱ አንዱ ካልፈቀደ ሳጥኑ ባዶ ይቀራል።

የመጀመሪያው ምርመራም ከዚህ ይነሳል። በሳጥኑ ውስጥ ያለውን አድራሻ ቅዱና ብቻውን በአዲስ ታብ ክፈቱት። ብቻውንም ካልተከፈተ ችግሩ ከአድራሻው፣ ከኔትወርኩ ወይም ከስልኩ ነው። ብቻውን ተከፍቶ በሳጥኑ ውስጥ እምቢ ካለ ጉዳዩ የፈቃድ ነው። ተከፍቶ ከተቆረጠ ደግሞ የመጠን ነው። ይህን ሳይለዩ ኮድ መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

ሳጥኑ ባዶ የሚሆንባቸው ምክንያቶች

1. አድራሻው። በራሳችን ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል አድራሻ ከተሰጠው ለእኛ ብቻ ይታያል፤ ሞጣ ላለ ሰው አይታይም። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደልን አይለይም፤ ብዙዎቹ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊኑክስ ግን ይለያል። ዩቲዩብም ቪዲዮ የምናይበት ተራ አድራሻ በሳጥን ውስጥ እንዲከፈት አይፈቅድም። “ሼር” የሚለውን ተጭነን “ኢምቤድ” ከሚለው የምናገኘውን አድራሻ መጠቀም አለብን።

2. ባለቤቱ ሲከለክል። በ2008 የደህንነት ተመራማሪዎች “ክሊክጃኪንግ” የተባለውን ማታለያ ይፋ አደረጉ። አጭበርባሪው እውነተኛውን ድረ ገጽ በማይታይ አይፍሬም ይደብቅና ሰውየው ሌላ ነገር የነካ እየመሰለው የራሱን የይለፍ ፈቃድ ወይም ገንዘብ አሳልፎ እንዲሰጥ ያደርገዋል። ለዚህ መከላከያ “ኤክስ ፍሬም ኦፕሽንስ” የተባለው ትእዛዝ በ2009 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 8 ጋር መጣ፤ ዛሬ ደግሞ “ፍሬም አንሴስተርስ” የተባለው ተተኪው አለ። ሰርቨሩ ይህን ከላከ ክሮም ግንኙነቱ እንደተከለከለ ይጽፋል፣ ፋየርፎክስ ለደህንነት ሲባል እንዳልከፈተው ይገልጻል፣ ሳፋሪ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ባዶ ሳጥን ያሳያል። ሦስቱ ብራውዘሮች የተለያዩ ቢመስሉም ምክንያቱ አንድ ነው። መፍትሔውም ክልከላውን መስበር አይደለም። ሰው ቤት የሚገባው ተፈቅዶ ነውና፣ ካልተፈቀደ በሳጥኑ ፈንታ ሊንክ እናስቀምጥ።

3. የተቀላቀለ ግንኙነት። ገጻችን በኤችቲቲፒኤስ ተከፍቶ በሳጥኑ ውስጥ ያለው በኤችቲቲፒ ብቻ ከሆነ ብራውዘሩ ይከለክለዋል። ፋየርፎክስ ከ2013 ጀምሮ እንዲህ ያደርጋል፤ ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። የውስጠኛውን አድራሻ በኤችቲቲፒኤስ ሞክሩት፤ ከሠራ ችግሩ ተፈታ።

4. የስልኩ ቀን። ይህ በእኛ አገር በተለይ ሊታይ የሚገባው ነው። ስልኩ ላይ ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰው ስልኩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መለሰው ማለት ነው። ብራውዘሩ የድረ ገጹን የደህንነት ሰርተፍኬት ሲያይ “ገና ጊዜው አልደረሰም” ይላል። ሙሉ ገጽ ላይ ማስጠንቀቂያው በግልጽ ይታያል፤ በሳጥን ውስጥ ሲሆን ግን ተጭኖ ማለፊያ እንኳ የለውም። ስልኩ ቀኑን ከኔትወርክ በራሱ እንዲወስድ አድርጉት። በጣም የቆየ አንድሮይድም አዳዲስ ሰርተፍኬቶችን ላያውቅ ስለሚችል በሌላ ስልክ ማወዳደር ይጠቅማል።

5. ኩኪ። ሳፋሪ ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሌላ ድረ ገጽ ኩኪን ሙሉ በሙሉ ይከለክላል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ገጽ በአካውንት መግባት የሚጠይቅ ከሆነ አይፎን ያለው ሰው ደጋግሞ “ግባ” ሊባል ይችላል። የጎግል መግቢያ ገጽ ደግሞ ከነጭራሹ በአይፍሬም አይከፈትም። ስለዚህ የመመዝገቢያ ቅጹ መግባት የማይጠይቅ ይሁን።

6. መጠን። ስፋትና ቁመት ካልተሰጠው አይፍሬም 300 በ150 ፒክሰል ይሆናል፤ ረጅም ቅጽ በዚያ ውስጥ አይነበብም። ስፋቱን 100 ፐርሰንት አድርጉት፤ ቁመቱን ግን በፒክሰል ስጡት፤ የያዘው ክፍል የታወቀ ቁመት ከሌለው ቁመት በፐርሰንት አይሠራም። መዝጊያ ታጉንም አትርሱ። ካልተዘጋ ከአይፍሬሙ በታች ያለው የገጹ ክፍል በሙሉ ይጠፋል።

የሊንኮች ችግር

በሳጥን ውስጥ ያለ ሊንክ ሲነካ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ እዚያው ሳጥን ውስጥ ይከፈታል። መድረሻው በአይፍሬም መታየትን የሚከለክል ድረ ገጽ ከሆነ ሳጥኑ ባዶ ይሆንና ሰው “ሊንኩ ተበላሽቷል” ይላል። የውስጡ ገጽ የራሳችን ከሆነ በሊንኩ ላይ “ታርጌት” የሚለውን “አንደርስኮር ቶፕ” ብንለው ሙሉውን ገጽ ይይዛል፤ “አንደርስኮር ብላንክ” ብንለው በአዲስ ታብ ይከፈታል።

በተቃራኒው ከውጭ ያለ ሊንክ ሳጥኑ ውስጥ እንዲከፈት ፈልገን አዲስ ታብ ከከፈተ፣ በታርጌቱ የተጻፈው ስምና የአይፍሬሙ ስም አልተገናኙም። ስሙ “ኔም” በሚለው እንጂ “አይዲ” በሚለው ብቻ መሰጠት የለበትም፤ ትልቅና ትንሽ ፊደሉም አንድ ይሁን። “ሳንድቦክስ” የሚለው ገደብ በአይፍሬሙ ላይ ካለ ደግሞ፣ ፈቃዱ ለይቶ ካልተጨመረ በስተቀር አዲስ ታብ የሚከፍቱ ሊንኮች አይሠሩም።

መታየቱ ብቻ አይበቃም

ሳጥኑ ተከፈተ ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም። የሶላት ሰዓት ሰሌዳውን እንውሰድ። ብዙ ጊዜ የከተማው ስም በአይፍሬሙ አድራሻ ውስጥ ይጻፋል፤ ካልተቀየረም አዲስ አበባ እንደሆነ ይቀራል። በአንድ ዲግሪ ኬንትሮስ የፀሐይ ሰዓት 4 ደቂቃ ይለያያል። ቢቸና ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ግማሽ ዲግሪ ያህል፣ ሞጣ ደግሞ ወደ አንድ ዲግሪ የሚጠጋ ስለሚርቁ፣ ዙህር በቢቸና 2 ደቂቃ ገደማ፣ በሞጣ ከ3 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ይገባል። የመግሪብ ልዩነት ደግሞ እንደ ወቅቱ ይሰፋል፣ ይጠባል። በረመዷን በአዲስ አበባ ሰሌዳ የሚያፈጥር የሞጣ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊያፈጥር ይችላል። ሰሌዳው 18:30 ሲል በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12:30 መሆኑንም ከጎኑ መጻፍ ለእናቶችና ለአባቶች ይጠቅማል።

ለማጠቃለል

ገጹን ለሰው ከመላካችን በፊት ቢያንስ በክሮም፣ በፋየርፎክስና በኦፔራ ሚኒ እንክፈተው፤ የሚቻል ከሆነም በአይፎን። ኦፔራ ሚኒ ዳታ ለመቆጠብ ገጹን በራሱ ሰርቨር አሳልፎ ስለሚያቀርበው ከሌሎቹ የተለየ መልክ ሊኖረው ይችላል። ኮምፒውተር ያለው ኤፍ12 ተጭኖ “ኮንሶል” የሚለውን ቢያይ ብራውዘሩ የከለከለበትን ምክንያት በቀይ ጽሑፍ ያገኘዋል።

ከሁሉም በላይ በእያንዳንዱ ሳጥን ሥር “ሳጥኑ ካልታየ እዚህ ይንኩ” የሚል ተራ ሊንክ አስቀምጡ። የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ስልኳ ያረጀ፣ ኔትወርኳ የደከመ ልጅ ግን በዚያ መስመር ትመዘገባለች። ሌላ መላ ያላችሁ ለሚቀጥለው እትም አካፍሉን፤ ኢንሻአላህ እናወጣዋለን።