የአክስቴ ፕሪንተርና ሁለቱ ኔትወርኮች

አክስቴ እዚህ ኮሎምበስ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ትንሽ የትርጉምና የፎቶ ኮፒ ቢሮ አለቻት። ሰው የልደት ካርዱን፣ የጋብቻ ወረቀቱን፣ አንዳንዱም የጥገኝነት ጉዳዩን ይዞ ይመጣል። ተራ ሲጠብቅ የዋይፋይ ፓስዎርድ ይጠይቃል፤ እሷም እንግዳ አትከለክልም። ባለፈው ወር የአንድ ደንበኛ ስልክ በስህተት የልጁን ፎቶ በእሷ ፕሪንተር አተመው። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ደነገጥኩ፦ ስልኩ ፕሪንተሩን ካገኘ፣ የሰው ሚስጥር የተቀመጠበትንም ኮምፒውተር ማንኳኳት ይችላል።

የነርሲንግ ተማሪ ነኝ እንጂ የኔትወርክ ባለሙያ አይደለሁም። ቢሆንም እንዲህ አደረግን። የቆየውን ራውተር ለእንግዶች ተውነው። ሁለተኛ ራውተር ገዝተን፣ ኢንተርኔት የሚገባበትን ቀዳዳ ከመጀመሪያው ጋር በኬብል አገናኘን፤ ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩን ከእሱ ኋላ በኬብል ሰካን። (የእናንተ ራውተር የእንግዳ ኔትወርክ ካለው መጀመሪያ እሱን ሞክሩ፤ የእኛ አሮጌ ነው።) ውስጠኛው ራውተር ከውስጥ ያልተጠራን አያስገባም። ገልብጣችሁ እንግዶቹን ውስጥ ካደረጋችሁ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ መንገዱ ክፍት ስለሆነ ድካማችሁ ከንቱ ነው።

አንድ ሰዓት ያባከንኩት በአድራሻ ነው። ሁለቱም ራውተሮች 192.168.1.1 ስለነበሩ ኢንተርኔቱ እምቢ አለ። የውስጠኛውን ወደ 192.168.2.1 ቀየርኩት፤ ለፕሪንተሩም 192.168.2.50ን ቋሚ አድራሻ አድርጌ ያዝኩለት።

ያላሰብነው ፕሪንተሩን ራሱን ነበር። ኬብል ሲሰካ ዋይፋዩ የጠፋ መስሎን ነበር። ብዙዎቹ ያጠፋሉ፤ የእኛው ግን የድሮውን ፓስዎርድ ይዞ አሁንም ከእንግዶቹ ጋር ነበር! በዚያ ላይ ስሙ «ዳይሬክት» ብሎ የሚጀምር የራሱን ዋይፋይ ያሰራጫል። ተላላፊ በሽታ ያለበትን ታካሚ ለብቻው አስተኝቶ፣ እጅ ሳይታጠቡ ከክፍል ክፍል እንደመመላለስ ነው። ሁለቱንም ከፕሪንተሩ ሴቲንግ ገብተን አጠፋን። ከዚያ ስልኬን በእንግዶቹ ዋይፋይ አስገብቼ ፕሪንተር ፈለግሁ፤ የለም። 192.168.2.50ን ብራውዘር ላይ ጻፍኩ፤ አልከፍት አለ። ይህን ሳትሞክሩ ሥራው አለቀ አትበሉ።

አክስቴ ከስልኳም ማተም ስለምትፈልግ የውስጠኛውን ራውተር ዋይፋይ በሌላ ስም ከፈትንላት። በማግስቱ አንድ አባት ፓስዎርድ ቢጠይቋት የራሷን ልትነግራቸው ስትል ደረስኩባት። አሁን የእንግዶቹን በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።