«ርካሽ» የቤት መኪና ለማን ያዋጣል?

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው አባባል ለመኪና ገበያም ይሠራል። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ እህል እየገዛ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ የቤት አውቶሞቢል ሲያምረው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ጤፍ ከሚገዛበት ከዚያው ገንዘብ ነው። መኪናው በር ላይ ቆሞ በመኸር ማግስት ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ነጋዴ፣ ሮብ ገበያ ወጥቶ የሰው ግዢ ተመልካች ይሆናል። ስለዚህ ገዢው «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለት አልፎ፣ መኪናው ምን ያህል ገንዘብ ለስንት ዓመት እንደሚይዝበትና ሲሸጥ ምን ያህሉን እንደሚመልስለት አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ለምሳሌ ያህል ሁለት መኪኖች ቀርበዋል እንበል። አንደኛው 1.5 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 1.9 ሚሊዮን ብር ነው። የነዳጅ ፍጆታቸው እኩል ነው። ከ4 ዓመት በኋላ አንደኛው 1 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 1.6 ሚሊዮን ብር ይሸጣል። ለጥገናና ለመለዋወጫ አንደኛው በዓመት 90 ሺህ፣ ሁለተኛው 40 ሺህ ብር ይጠይቃል።

በአንደኛው መኪና ከዋጋው 500 ሺህ፣ ለጥገና ደግሞ 360 ሺህ፣ በድምሩ 860 ሺህ ብር ይወጣል። በሁለተኛው 300 ሺህና 160 ሺህ፣ በድምሩ 460 ሺህ ብር ነው። እስከዚህ ድረስ «ውዱ» መኪና ረከሰ ማለት ነው።

ነገር ግን ሁለተኛውን የገዛ ሰው ተጨማሪ 400 ሺህ ብር ለ4 ዓመት አስሯል። ይህ ገንዘብ በንግድ ላይ ቢውል በዓመት 10 በመቶ የሚያተርፍ ከሆነ የቀረበት ትርፍ 160 ሺህ ብር ስለሚሆን፣ አሁንም ሁለተኛው መኪና ይሻላል። 25 በመቶ የሚያተርፍ ከሆነ ግን የቀረው ትርፍ 400 ሺህ ይደርስና ሁለቱ መኪኖች እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በላይ የሚያተርፍ ነጋዴ ዝቅተኛ ዋጋ ያለውን ቢይዝ ያዋጣዋል። እንግዲህ አንድ መኪና ለደመወዝተኛው ርካሽ፣ ገንዘቡን ቶሎ ቶሎ ለሚያገላብጠው ነጋዴ ግን ውድ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

«መኪና ባንክ ነው» የሚባለውስ?

ቀደም ሲል እስከ 1300 ሲሲ የሆነ መኪና፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ 30 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ይከፈልበት ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 የአዲሱን ወደ 5 በመቶ ሲያወርድ፣ ከ7 ዓመት በላይ ባገለገለው ላይ ግን ከ400 በመቶ በላይ ጫነ። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። በሐምሌ 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ።

እንዲህ ባለ ጊዜ መኪና የያዘ ሰው ዋጋው ሲጨምርለት ማትረፉን ይገምታል። ሆኖም ሸጦ ሌላ ለመግዛት ሲወጣ እርሱም የሚገዛው በናረው ዋጋ ነው። ትርፉ መመዘን ያለበት በብር ቁጥር ሳይሆን፣ ያ ብር ዛሬ ስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛል በሚለው ነው።

መንገዱና መለዋወጫው

ከአዲስ አበባ ወደ ቢቸና የሚጓዝ መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ወደ ደጀን ይወጣል። ለከተማ ብቻ የታሰበች አነስተኛ መኪና አምስት ሰውና ጓዝ ጭና ይህን መንገድ ስትመላለስ ፍሬኗና ራዲያተሯ ይፈተናሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለቱ ላይ የተወሰነ ኃይል መልሶ ቢሞላም፣ ዳገቱ ባትሪውን ፈጥኖ ይጨርሳል። በመሆኑም ገዢው መድረሻው ላይ ባትሪውን የት እንደሚሞላ አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።

መለዋወጫም እንዲሁ ነው። ሆላንድ ካር በሞጆ ይገጣጥማት የነበረችው «አባይ» የተባለች መኪና መሠረቷ የቻይናው ሊፋን 520 ነበር። ድርጅቱ ሥራ ካቆመ በኋላ ዕቃዋ የሚፈለገው በመጀመሪያው ስሟ ነው። ገጣጣሚው ቢዘጋ ዕቃው ከየት እንደሚመጣ ሳይጠይቅ የገዛ ሰው መኪናውን ያለ ገዢ ይዞ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ቢያደርግ ይበጀዋል። በመጀመሪያ ያንኑ ሞዴል ሊሸጥ የመጣ ሰው መስሎ ደላላ ይጠይቅ፤ የሚነገረው ዋጋ ነገ ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል። ቀጥሎ ሻጩ ያልመረጠው መካኒክ መኪናውን ዳገት ላይ ይሞክርለት፤ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። በመጨረሻም ከክፍያው በኋላ የሚተርፈው ገንዘብ ለመጪው መኸር ግዢ መብቃቱን ያስላ። ይህ ካልሆነ፣ መኪናው ምንም ያህል ቢረክስ ለዚያ ገዢ ውድ ነው።