ቤት ለሚለውጥ ደንበኛ የደላላ ተግባር

ደላላ ማለት ሻጭንና ገዢን፥ ወይም አከራይንና ተከራይን አገናኝቶ የድካሙን ዋጋ የሚቀበል ሰው ነው። ብዙ ሰዎች የደላላ ሥራ ዋጋው ተቈርጦ እጅ ለእጅ በተጨባበጡበት ሰዓት የሚያልቅ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ቤት እንደ ጣቃ ጨርቅ ተለክቶ፥ እንደ ጆንያ ቡና ተመዝኖ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም። የቤተ ሰብ ኑሮ፥ የልጆች ትምህርትና የነጋዴው ጥሪት አብረው ይዛወራሉና። ስለዚህ በአዲስ አበባ ከተማ አንድ መልካም ደላላ ለደንበኛው የሚሰጠውን እርዳታ በአራት ክፍል ለይቶ መመልከት ይጠቅማል።

አንደኛ፤ ቤቱን ማጣራት ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ንብረት ስለ ሆነ፥ ገዢ የሚገዛው ቤቱንና የይዞታውን መብት እንጂ መሬቱን አይደለም። እንግዲህ ካርታው በሻጩ ስም መሆኑ፥ ይዞታው ነባር ወይም ሊዝ መሆኑ፥ ሊዝም ከሆነ ያልተከፈለ ገንዘብ መኖሩ፥ እንዲሁም ዕዳና እገዳ ያለበት እንደ ሆነ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሊጣራ ይገባል። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። የቀበሌ ቤት ግን የመንግሥት ስለ ሆነ ተከራዩ ሊሸጠው አይችልም።

ሁለተኛ፤ ውሉን ማስፈጸም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1723ኛው አንቀጽ፥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። ቢሆንም በመንደር ምስክር ብቻ ተማምነው ቀብድ የሚሰጡ አልጠፉም። አንድ ነጋዴ ለዕቃ መግዣ ያዘጋጀውን ገንዘብ እንዲህ አድርጎ ቢከፍል፥ ቤቱም ለሌላ ሰው ተሸጦ ቢገኝ፥ ቤቱንም ንግዱንም በአንድ ቀን አጣ ማለት ነው። ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይም በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፥ የቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ደላላው ይህን ለአከራይም ለተከራይም አስቀድሞ ማስረዳት ይገባዋል።

ሦስተኛ፤ በማዛወሪያው ቀን መገኘት ነው። ደላላው ሁለቱ ወገኖች ባሉበት የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ንባብ እንዲጻፍ፥ የመጨረሻው ሂሳብ መከፈሉ በደረሰኝ እንዲታይ፥ ቁልፎቹም ተቈጥረው እንዲሰጡ ያደርጋል። ከጫኝና አውራጅ ጋር ዋጋ የሚቈረጠው መኪናው ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ዕቃው ደጃፍ ከደረሰ በኋላ የሚነሣ ክርክር ባለዕቃውን ይጐዳዋልና። ወራቱ ክረምት ከሆነ መኪናው ሸራ ያለው መሆኑ ይታይ።

አራተኛ፤ ደንበኛው ከገባ በኋላ መጠየቅ ነው። ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ እንዲያወጣ፥ ሱቁም አብሮ የተዛወረ እንደ ሆነ አዲሱን አድራሻ ለንግድ ጽሕፈት ቤትና ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ደላላው ያሳስበዋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላልና፥ ከሰፈሩ የዕድር ዳኛ ጋር ማስተዋወቅም ትንሽ ውለታ አይደለም።

በመጨረሻም የደላላው ዋጋ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይወሰን። ከሁለቱም ወገን የሚቀበል ከሆነ ሁለቱም ይወቁት፤ የተሰወረ ክፍያ ምክርን ያጣምማልና። ነጋዴ እንደሚያውቀው ሁሉ፥ በአንድ ገበያ አትርፎ ደንበኛውን ከሚያጣ ይልቅ በመጠኑ አትርፎ ደንበኛውን የሚያቆይ ይበለጽጋል።