አንድ ሰዓት ሰባት ዓመት ይሆናልን?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞች የሚወያዩ ፖድካስቶች የሳይንስ መምህራንን በእንግድነት መጋበዝ ልማድ አድርገዋል። እኛም ከእነዚህ በአንዱ ቀርበን እ.ኤ.አ. በ2014 ለእይታ ስለበቃው «ኢንተርስቴላር» የተሰኘ ፊልም ተጠይቀን ነበር። በፊልሙ ውስጥ ጠፈርተኞች ጋርጋንቱዋ በተባለ ግዙፍ ብላክ ሆል አጠገብ በምትዞር ፕላኔት ላይ ያርፋሉ። በዚያች ፕላኔት የሚያልፈው እያንዳንዱ ሰዓት በምድር ላይ ሰባት ዓመት ነው። አዘጋጁ «ይህ በፊዚክስ ይቻላል ወይስ ፈጠራ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም ሳናመነታ «ፈጠራ ነው፤ አይቻልም» አልን። ውይይቱም ወደ ሌላ ፊልም ተሻገረ።

መልሳችን ያለ ስሌት የተሰጠ አልነበረም፤ አንባቢም እርሳስና ወረቀት ይዞ ሊከተለን ይችላል። ብላክ ሆሉ የማይሽከረከር ነው እንበል። የፕላኔቷን ርቀት የምንለካው በብላክ ሆሉ አድማስ ሬዲየስ ነው፤ አድማስ የምንለው ብርሃን እንኳ አልፎት ከገባ የማይመለስበትን ወሰን ነው። 1.5ን ለርቀቱ እናካፍል፤ ውጤቱን ከ1 እንቀንስ፤ የቀሪውን ስኩዌር ሩት እንውሰድ፤ በመጨረሻም 1ን ለዚሁ እናካፍል። የምናገኘው ቁጥር በምሕዋሩ ላይ ያለ ሰዓት ከሩቅ ተመልካች ሰዓት ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ ይነግረናል። ከ3 ሬዲየስ በታች ያለ ምሕዋር የተረጋጋ አይደለም፤ ፕላኔቷ ጥቂት ብትነካ ወደ ውስጥ ትወድቃለች። ስለዚህ በ3 እናስላ፤ ውጤቱ 1.41 ነው። አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። ፊልሙ ግን የሚፈልገው 61 ሺህ እጥፍ ያህል ነው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ይህን ያህል ናቸውና። በ1.41 እና በ61,000 መካከል ያለውን ገደል አይተን ነበር «አይቻልም» ያልነው።

ዝግጅቱ ከተሰራጨ ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪያችን ወደ ቢሯችን መጥቶ «ዶክተር፣ ብላክ ሆሉ ቢሽከረከርስ?» አለን። በዚያው ጠረጴዛ ላይ ስሌቱን ጀመርን፤ ከመጨረሳችን በፊትም ስሕተታችን ታወቀን። ተማሪው ቀጥሎ የነገረን ግን ይበልጥ ከበደን። የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድሙ ዝግጅቱን አዳምጦ፣ የጊዜ መዘግየት የሚባለው ነገር በሙሉ የፊልም ፈጠራ ነው ብሎ ደምድሟል። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ ልጁ እንዲህ ቢረዳ አያስወቅሰውም፤ ያልነው እኛ ነን። በስልኩ ቦታውን የሚያውቅበት ጂፒኤስ እንኳ ያለ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ አይሠራም። በሳተላይቶቹ ላይ ያሉ ሰዓቶች ከመሬት ሰዓት በቀን 38 ማይክሮሴኮንድ ያህል ይፈጥናሉ። ብርሃን በዚህ ጊዜ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ካልታረመ ቦታን ማወቅ አይቻልም።

አሁን ወደ ሽክርክሪቱ እንመለስ። የሚሽከረከር ብላክ ሆል በዙሪያው ያለውን ቦታና ጊዜ ይዞ ይጎትታል። በሽክርክሪቱ አቅጣጫ ለምትዞር ፕላኔት የተረጋጋው ምሕዋር ወደ አድማሱ ይቀርባል። ሽክርክሪቱ ንድፈ ሐሳቡ ወደሚፈቅደው የመጨረሻ ወሰን በተጠጋ መጠን ምሕዋሩ አድማሱን ሊነካ ይደርሳል፤ የጊዜ መዘግየቱም ያለ ገደብ ያድጋል። የፊልሙ የሳይንስ አማካሪ የነበሩት የካልቴኩ ፊዚሲስት ኪፕ ቶርን፣ ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ሰባቱን ዓመት ሲጠይቋቸው እንደ እኛ መጀመሪያ የማይቻል መስሏቸው ነበር። ልዩነቱ እርሳቸው ከመደምደማቸው በፊት ስሌቱን ሠርተዋል። የደረሱበትም ብላክ ሆሉ ከወሰኑ የሚጎድለው ከመቶ ትሪሊዮን አንድ እጅ ያህል ብቻ ከሆነ ሰባቱ ዓመት እንደሚገኝ ነው። (ቶርን በስበት ሞገድ ምርምር እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።)

ታዲያ «ይቻላል» ብንል ኖሮ ትክክል እንሆን ነበርን? ይህም ብቻውን አይበቃም። ሽክርክሪቱ ከወሰኑ 0.998 በሆነ ጊዜ ያንኑ ስሌት ብንሠራ፣ በመጨረሻው የተረጋጋ ምሕዋር ላይ አንድ ሰዓት 11 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከ11 ሰዓት ወደ ሰባት ዓመት የሚያሸጋግረን ያቺ ከ0.998 በኋላ የቀረችው ጥቂት ክፍልፋይ ናት። ከአዘጋጁ ጥያቄ ውስጥ የጎደለው «በምን ያህል ሽክርክሪት?» የሚለው ነበር፤ ይህንን መጠየቅ ደግሞ የእንግዳው ድርሻ እንጂ የአዘጋጁ አልነበረም።

ለአዘጋጁ ደውለን ማረሚያ እንድንሰጥ ጠየቅን። በመልካም ፈቃዳቸው በቀጣዩ ዝግጅት መግቢያ ላይ አንድ ደቂቃ ተኩል ሰጡን። ሦስቱን ቁጥሮች፣ 1.41ን፣ 11ን እና 61 ሺህን፣ ለመናገር በቃን፤ 0.998 ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ግን ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ በዚህ ገጽ ላይ እናስቀምጠው።

በብላክ ሆል ዙሪያ የሚዞር የጋዝ ዲስክ ወደ ውስጥ ሲፈስ ሽክርክሪቱን ያፋጥነዋል። ዲስኩ ግን በጣም ስለሚግል ያበራል፤ ከብርሃኑም ከፊሉ ተመልሶ ወደ ብላክ ሆሉ ይወድቃል። በሽክርክሪቱ አቅጣጫ ከሚጓዘው ብርሃን ይልቅ በተቃራኒው የሚመጣው በቀላሉ ስለሚያዝ፣ ውጤቱ እንደ ፍሬን ይሆናል። ማፋጠኑና ፍሬኑ የሚመጣጠኑት 0.998 አካባቢ ነው። ይህን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ራሳቸው ኪፕ ቶርን ናቸው፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ለፊልሙ ሲሉ የራሳቸውን ወሰን አለፉት። ተፈጥሮ በዚህ መንገድ የማታደርሰው ነገር ሁሉ ግን በፊዚክስ ሕግ የተከለከለ ነው ማለት አይደለም፤ አማካሪውም የቆሙት በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

ስሌቱን መሞከር የሚፈልግ አንባቢ ከማይሽከረከር ብላክ ሆል አድማስ 5 ሬዲየስ ላይ ያለችን ፕላኔት ይውሰድ። አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ካልሆነለት፣ ስኩዌር ሩቱን ረስቷል።