ከአድማጭ ወደ አድማጭ፦ ፖድካስት በከሚሴና በአካባቢዋ አዲስ አድማጭ የሚያገኝበት መንገድ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ማእከል በሆነችው በከሚሴ የሚዘጋጅ ፖድካስት አዲስ አድማጭ ስለሚያገኝበት መንገድ ይመረምራል። ለንጽጽር የተመረጡት ከፖድካስት በፊት ወይም ከእሱ ውጭ ሰፊ ሕዝብ ዘንድ የደረሱ የድምፅ ሥራዎች ናቸው፤ እነሱም የወሎ መንዙማ፣ «የቀን ቅኝት» እና «ዲምቢባ» የተሰኙት የሬዲዮ ድራማዎች፣ «የኛ» የተባለው ፕሮግራም እንዲሁም 8028 የስልክ አገልግሎት ናቸው። ንጽጽሩ የሚያሳየው አዲስ አድማጭን የሚያመጣው በዋናነት ሌላ አድማጭ መሆኑን ነው። ስለዚህ የማስተዋወቅ ሥራ የሚጀምረው ሥራው ተደምጦ ካበቃ በኋላ አድማጩ ለሌላ ሰው ይዞት የሚሄደው ነገር እንዲኖር ከማድረግ ነው። ጽሑፉ የፖድካስትን ስያሜ፣ የሥርጭት ቀንንና የአድማጭ ቆጠራን በሚመለከትም ተግባራዊ ሐሳቦችን ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ፖድካስት፣ ከሚሴ፣ የጋራ ማድመጥ፣ መንዙማ፣ የአድማጭ ቆጠራ

1. መግቢያ

«ፖድካስት» የሚለው ቃል በኅትመት ሲወጣ የታየው በየካቲት 2004 እ.ኤ.አ. «ጋርዲያን» በተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ቤን ሐመርስሊ በጻፈው ጽሑፍ ነው። በቀጣዩ ዓመት አፕል ፖድካስትን በአይቲዩንስ ካካተተ በኋላ ዘርፉ በፍጥነት ተስፋፋ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማስተዋወቅ የተሰጡት ምክሮች በአብዛኛው አንድ ዓይነት አድማጭን ታሳቢ ያደርጋሉ። ይህ አድማጭ ለብቻው በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ፣ የማይቋረጥ ኢንተርኔት ያለውና የሚፈልገውን ጽፎ የሚያገኝ ሰው ነው።

በከሚሴ ሦስቱም ታሳቢዎች ይናጋሉ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 457,278 ሲሆን፣ ከዐሥር ሰው ዘጠኙ ያህል የሚኖረው በገጠር ነበር። በዞኑ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ብዙው ሰው እንደ ጉዳዩና እንደ ሰሚው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ኢንተርኔትን በተመለከተም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በክልሉ ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በዚያ ጊዜ በዩቲዩብና በቴሌግራም ብቻ የሚኖር ፖድካስት በገዛ አካባቢው ድምፁ ጠፍቶ ይቆያል። ሰው የታመነ ወሬ አጥብቆ በሚሻበት ወቅት የሚጠፋ ድምፅ ደግሞ ቦታውን ለአሉባልታ ይለቃል። እንግዲህ አድማጭ የማግኘት ጥያቄ የዝና ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤታሞች አንድ ነገር አብረው መስማት ይችላሉ ወይ የሚል ጥያቄም ነው።

2. ተቀባይ ያለው ድምፅ፦ የመንዙማ ትምህርት

ወሎ የድምፅ ሥራ ያለ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚስፋፋ የሚያሳይ የቆየ ምሳሌ አላት። መንዙማ በዐረብኛ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሲዜም ኖሯል። እንደ ጀማ ንጉሥና ዳና ባሉ የታወቁ የእስልምና ትምህርት ማእከላት ለመውሊድ የሚሰበሰበው ሕዝብና ከሼህ ወደ ሼህ የሚዘዋወረው ደረሳ ዜማውን ከአገር አገር አድርሰዋል። በካሴት ዘመን ደግሞ እንደ ሼህ መሐመድ አወል ሐምዛ ያሉ አዚያሚዎች ድምፅ ከወሎ አልፎ በመላ አገሪቱ ተሰማ። በሕዝብ ማመላለሻ፣ በሱቅና በቡና ላይ የተከፈተ አንድ ካሴት የሚደመጠው በገዛው ሰው ብቻ አልነበረም።

የመንዙማን መስፋፋት ቦታና አጋጣሚ ብቻ አያብራሩትም። በመንዙማ አውጪው ሲያወርድ ጉባኤው አዝማቹን ይቀበላል። ተቀባዩ የድርሻውን በቃሉ ካልያዘ ሥራው አይሟላም። በቃሉ የያዘ ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ አዝማቹን ይዞት ይሄዳል፤ ባልነበሩበት ሰዎች ፊትም ይደግመዋል። ከዚህ የሚወጣው መርሕ ለፖድካስት አዘጋጅ ጠቃሚ ነው። አድማጭ የሚያከናውነው ድርሻ ሲኖረው አሰራጭ ይሆናል። በየክፍሉ መጨረሻ የሚቀርብ እንቆቅልሽ፣ መልሱ በሚቀጥለው ክፍል የሚገለጥ ጥያቄ ወይም አድማጩ ከቤተሰቡ ጠይቆ የሚመልሰው የአካባቢ ቃል ይህን ድርሻ ሊሰጥ ይችላል።

3. ትርጉም ወይስ የራስ ሥራ፦ «የቀን ቅኝት» እና «ዲምቢባ»

ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር በኢትዮጵያ ያዘጋጀው «የቀን ቅኝት» ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች በአማርኛ ተላልፏል። በዚያው ወቅት ለአፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች «ዲምቢባ» በ140 ክፍሎች ቀርቧል። ሁለቱ ድራማዎች የተሠሩት ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ በነደፈው ስልት ነው። በዚህ ስልት ከመልካሙና ከክፉው ገጸ ባሕርይ መካከል የሚዋልል ሦስተኛ ሰው ይቆማል፤ አድማጩም ራሱን የሚያየው በዚህ በሚዋልለው ሰው ነው። ለአዘጋጆቹ ከ15,000 በላይ የአድማጭ ደብዳቤዎች መድረሳቸው ተመዝግቧል።

ለከሚሴ ሁለት ነገሮች ከዚህ ይወሰዳሉ። አንደኛው «ዲምቢባ» የ«ቀን ቅኝት» የትርጉም ቅጂ ሳይሆን የራሱ ርዕስና የራሱ ታሪክ ያለው ሥራ መሆኑ ነው። በአማርኛ ተዘጋጅቶ ወደ አፋን ኦሮሞ የተመለሰ ፖድካስት፣ ወይም የዚህ ተቃራኒው፣ አንደኛውን ወገን ባለቤት ሌላውን ተቀባይ ያደርጋል። የእንግድነት ስሜት የሚሰማው አድማጭ ደግሞ ጓደኛውን አይጋብዝም። በከሚሴ የበለጠ የሚስማማው ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ጨዋታ ውስጥ እንደ ገበያው ወግ የሚፈራረቁበት አቀራረብ ነው፤ አንዱ ተናጋሪ በአፋን ኦሮሞ ይጠይቃል፣ ሌላው በአማርኛ ይመልሳል፣ ፍሬ ነገሩም በመልሱ ውስጥ ስለሚደገም ማንም ከጨዋታው አይወጣም። ሁለተኛው ደብዳቤው ነው። ደብዳቤ የጻፈ አድማጭ ስሙ ይነበብ ይሆን ብሎ ቀጣዩን ክፍል ይጠብቃል፤ ሲነበብም ጎረቤቱን ጠርቶ ያሰማል።

4. ዜማ እንደ መልእክተኛ፣ ስልክ እንደ መድረሻ

«የኛ» በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በአማራ ክልል ለሚኖሩ ልጃገረዶች የሬዲዮ ድራማና የውይይት ፕሮግራም ሆኖ ተጀመረ። በድራማው የሚተውኑት አምስት ወጣት ሴቶች የሙዚቃ ቡድንም ነበሩ። አስቴር አወቀ የተሳተፈችበትን «ጣይቱ»ን የመሰሉ ዘፈኖቻቸው ድራማውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ዘንድ ደረሱ። አራትና አምስት ደቂቃ የሚወስድ ዘፈን ረጅሙን ፕሮግራም ቀድሞ የሚሄድ መልእክተኛ ሆነ ማለት ነው። ለፖድካስትም ከሙሉው ክፍል ተቆርጦ የወጣ፣ ራሱን የቻለ የሁለት ደቂቃ ታሪክ ይህን ተግባር ይፈጽማል። ቁራጩ ግን የማስታወቂያ ጩኸት ሳይሆን ለብቻው ቢሰማም የሚያረካ ጨዋታ መሆን አለበት። ፕሮግራሙ በ2009 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ ከተቋረጠበት በኋላ ወደ ቴሌቪዥን ድራማነት መሸጋገሩ ደግሞ ስሙ ከአንድ ማሰራጫ ጋር ብቻ የተሳሰረ እንዳልነበረ ያሳያል።

8028 ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ አገልግሎት አርሶ አደሩ በነጻ ደውሎ የተቀዳ የግብርና ምክር በቋንቋው እንዲሰማ ያስችላል፤ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ከመጀመሪያዎቹ ቋንቋዎቹ መካከል ናቸው። ኢንተርኔትና ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰውም የተቀዳ ድምፅን በፈለገው ሰዓት የመስማት ዕድል አግኝቷል። ይህ በባሕርዩ ከፖድካስት ብዙ አይርቅም።

5. ስም፣ ፊደልና ፍለጋ

ድምፅ ራሱ አይፈለግም፤ የሚፈለገው ስሙ ነው። አፋን ኦሮሞ በላቲን ላይ በተመሠረተው በቁቤ ይጻፋል፤ አማርኛ በፊደል። ብዙ የስልክ ተጠቃሚ አማርኛንም በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ በዚህ አጻጻፍ «ከሚሴ» የሚለው ስም ብቻውን ከሁለት በላይ መልክ ይኖረዋል። በፊደሉም ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ በአንድ ድምፅ ስለሚነበቡ ፈላጊው አዘጋጁ በመረጠው ሆሄ ላይጽፍ ይችላል። ስለሆነም ሞክሼ ፊደል የሌለበት፣ በሁለቱም ቋንቋዎች ሳይሰናከል የሚጠራና አንድ ጊዜ ተሰምቶ የሚያዝ አጭር ስም መምረጥ ከሥዕላዊ መለያ ይቀድማል። በመግለጫው ውስጥም ስሙን በፊደል፣ በቁቤና በተለመዱት የላቲን አጻጻፎች ማስፈር ያስፈልጋል።

6. ገበያና ቆጠራ

በአካባቢው መረጃ የሚጓዘው በገበያ ቀን ነው። የሰንበቴ ገበያ እሑድ፣ የባቲ ገበያ ሰኞ ይውላል፤ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አፋሩና አርጎባው በነዚህ ገበያዎች ይገናኛል። ዘፈንና መንዙማ በሚሞሪ ካርድና በፍላሽ የሚጭኑ ሱቆች ባሉበት አካባቢ አዲስ ክፍል ዓርብ ቢደርሳቸው በሁለት ቀናት ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ብዙ ቀበሌ ሊገባ ይችላል። በብሉቱዝ በቀላሉ እንዲተላለፍም ፋይሉ አነስተኛ መሆን አለበት፤ ለንግግር ያህል በአንድ የድምፅ መሥመር የተቀዳ ዝቅተኛ መጠን ይበቃል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን ሥርጭት ማሰራጫዎቹ አይቆጥሩትም። በዘርፉ በተለመደው መለኪያ አንድ ዳውንሎድ የሚቆጠረው ቢያንስ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ከአገልጋዩ ኮምፒውተር ሲወርድ ነው። ስለዚህ በአንድ ስልክ ድምፅ ማጉያ ዐሥር ሰው ቢሰማ አንድ ተብሎ ይመዘገባል፤ በሚሞሪ የተጓዘው ደግሞ ዜሮ ነው። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ አዘጋጅ የአዲስ አበባንና የውጭ አገር አድማጮቹን እያየ ቀስ በቀስ ለእነሱ መናገር ይጀምራል፤ ከሚሴም ከገዛ ፖድካስቷ ትወጣለች።

ለዚህ ሁለት ቀላል መለኪያዎች ይቀርባሉ። አንደኛው በየክፍሉ መጨረሻ በሚነገር ቁጥር አድማጩ ሚስኮል እንዲያደርግ መጋበዝ ነው፤ ደዋዩን ገንዘብ አያስወጣውም፣ ቁጥሩም በየሳምንቱ ሊነጻጸር ይችላል። የደዋዮችን ስልክ ለሌላ ጉዳይ አለመጠቀም ግን የአዘጋጁ ግዴታ ነው። ሁለተኛው ለየገበያው በሚሰጠው ቅጂ መጨረሻ የተለያየ የይለፍ ቃል ማስገባት ነው። ለሰንበቴው ቅጂ «ማሽላ»፣ ለባቲው «ግመል» ቢባል፣ መልስ የሚሰጠው አድማጭ በሚጠቅሰው ቃል ድምፁ በየት በኩል እንደደረሰው ይታወቃል።

7. ማጠቃለያ

የተመለከትናቸው ሥራዎች በዘመን፣ በዓላማና በአቅም ይለያያሉ። መንዙማ የአምልኮና የውዳሴ ዜማ ነው፤ ድራማዎቹ በድርጅት ገንዘብ ተሠርተዋል፤ 8028 የመንግሥት አገልግሎት ነው። ይሁንና አድማጭ ያገኙበትን መንገድ ስናነጻጽር ለአድማጩ ድርሻ መስጠት፣ በቋንቋው እንደ ባለቤት ማናገርና ድምፁን እሱ ባለበት ቦታ ማድረስ ደጋግመው ይታያሉ። በከሚሴ የሚጀመር ፖድካስትም በመጀመሪያዎቹ ወራት ገንዘቡንና ጊዜውን በማሰራጫ ላይ ለሚከፈል ማስታወቂያ ከማዋሉ በፊት፣ ክፍሉን ሰምቶ ለሌላው የሚያሰማ ጥቂት ታማኝ ሰው በየገበያው ቢያፈራ ይበጀዋል። ቀጣይ ጥናት በይለፍ ቃልና በሚስኮል የተሰበሰበ መረጃን ከማሰራጫዎቹ ቁጥር ጋር ቢያነጻጽር፣ ዛሬ በማሰራጫዎቹ ሰንጠረዥ ላይ የማይታየው የጋራ ማድመጥ ምን ያህል እንደሚሰፋ ለማወቅ ያስችላል።