ኔትወርኩ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔቱ ለምን ይንቀራፈፋል?

በበዓል ቀን አዳራሹ በሰው ሲሞላ፣ ስልካችሁ ኔትወርክ ሙሉ እያሳየ ወደ አገር ቤት የቪዲዮ ጥሪ እምቢ ቢላችሁ አትገረሙ። ስልኩ ላይ የምናያቸው መስመሮች በዋናነት የሚነግሩን ከአንቴናው የሚደርሰንን የሲግናል ጉልበት ነው። ፍጥነትን የሚወስኑት ግን የሲግናሉ ጥራት፣ የባንዱ ስፋትና የተጠቃሚው ብዛት ናቸው።

ጥራት ስንል ሲግናሉ ከጫጫታውና ከጎረቤት አንቴናዎች ከሚመጣው ጣልቃ ገብ ሞገድ በስንት እጥፍ ይበልጣል ማለታችን ነው። ክላውድ ሻነን በ1948 እ.ኤ.አ. የአንድን መስመር የአቅም ጣሪያ እንዲህ አስቀመጠው፦

አቅም = የባንድ ስፋት × ሎግ₂ (1 + ሲግናል ÷ ጫጫታ)

በቁጥር እንየው። ባንዱ 20 ሜጋኸርዝ፣ ሲግናሉም የጫጫታው 100 እጥፍ ቢሆን ጣሪያው በሴኮንድ 133 ሜጋቢት ገደማ ነው። ሲግናልና ጫጫታ እኩል ሲሆኑ ወደ 20 ይወርዳል። ይህንንም በአንቴናው ሥር ያለ ሁሉ ይካፈለዋል።

ታዲያ ጉልበት መጨመር አይበቃም? በምሳሌያችን ሲግናሉ 200 እጥፍ ቢሆን የምናገኘው 153 ሜጋቢት ገደማ ብቻ ነው። ሁሉም አንቴናዎች ጉልበት ከጨመሩ ደግሞ ጣልቃ ገቡም አብሮ ያድጋል። ሠርግ ቤት ውስጥ ሁሉም ቢጮህ ማን ማንን ይሰማል?

መሐንዲሶች የሚከተሏቸው ዋና ዋና መንገዶች እነዚህ ናቸው፦

1. ሴሉን መከፋፈል። የሴሉ ራዲየስ በግማሽ ሲቀንስ ስፋቱ ሩብ ይሆናል። በአንዱ ቦታ 4 ሴሎች ይገባሉ፤ ያው ባንድ በየሴሉ ስለሚደገም የአካባቢው አቅም እስከ 4 እጥፍ ሊያድግ ይችላል።

2. በሴክተር መክፈል። በዙሪያው ሁሉ ከሚረጭ አንድ አንቴና ይልቅ እያንዳንዳቸው 120 ዲግሪ የሚሸፍኑ 3 አንቴናዎች ይተከላሉ። ትንሽ ወደ ታች ማዘንበላቸውም ጎረቤት ሴልን እንዳይረብሹ ያግዛል።

3. ባንድና አንቴና መጨመር። 700 ሜጋኸርዝ ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳም ያልፋል፤ 3.5 ጊጋኸርዝ ላይ ሰፊ ባንድ ይገኛል፣ ግን ቅርብ ይቀራል። ማይሞ ደግሞ በብዙ አንቴናዎች የተለያየ ዳታ በአንድ ጊዜ ይልካል።

አይፎን ያላችሁ *3001#12345#* ደውላችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። አርኤስአርፒ ጉልበትን፣ ኤስአይኤንአር ጥራትን ያሳያል። አርኤስአርፒ -80 አካባቢ ሆኖ ኤስአይኤንአር ወደ 0 ከወረደ ጣልቃ ገብ ሞገድን ጠርጥሩ፤ ቦታ መቀየር ሊረዳ ይችላል። ሁለቱም ጥሩ ሆነው ኢንተርኔቱ ከተንቀራፈፈ ግን ምናልባት ተካፋዩ በዝቷል፤ ያን ጊዜ ዋይፋይ መፈለግ ይሻላል።